ስምንት ፊደል

የአያ ሙሄ ይማም በር እምቢ ባለ በማግስቱ ጠዋት፣ የብሎክ 31 ዕድር ግቢው ውስጥ ድንኳን ተከለ።

ድንኳኑ የለቅሶ አይደለም። ከሌላ ከተማ የመጣ ሰው ግን ልዩነቱን ማየት ይከብደዋል። ያው አግዳሚ ወንበር ነው፣ ያው የፔርሙስ ሻይ ነው፣ ያው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያወሩ ጎረቤቶች ናቸው። የኮምቦልቻ ዕድሮች ቃል የጠፋበትን ሰው ከሐዘንተኛ እኩል መቁጠር ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። በብሎክ 31 መተዳደሪያ ደንብ ላይም ሰፍሯል፦ በር ለተዘጋበት አባል ድንኳን ይተከላል፤ ምግብ ከላይኛው ፎቅ በቅርጫት ይወርድለታል፤ ከተወሰደ ደግሞ ዕቃው በአደራ ይያዛል።

ቃሉ ስድሳ አራት ፊደል ነው። ፊት፣ ድምፅና አሻራ በየሱቁ መቀዳት ከጀመሩ ወዲህ አገሩ ወደ ይለፍ ቃል ተመልሷል። በየወሩ መጀመሪያ ከይለፍ ቃል ማዕከሉ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ቃል ይመጣል፤ ጽፎ መያዝ ክልክል ነው፤ ለመግባትም ለመውጣትም ለበሩ በቃል ይነገራል። በወሩ የመጀመሪያ ሳምንት የከተማው ሰው ሁሉ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይሄዳል። ጎረቤቱ በሩን ሲያናግር ያገኘ ሰው ሰባት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ እንዳይሰማም ያንጎራጉራል። ልጆች ከሰላምታ ቀጥሎ የሚማሩት ጨዋነት ይህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ስምንት ፊደላት ብቻ የሁሉም ሰው አንድ ናቸው። ማዕከሉ ያለ ማኅተም ደብዳቤ እንደማያወጣ ሁሉ፣ ያለ መሪ ቃልም ይለፍ ቃል አያወጣም። የ2088 ዓ.ም. መሪ ቃል «ንቁ ዜጋ፣ ዝግ በር» ነው። አውቶቡስ ላይ ተጽፏል፤ የዳቦ ከረጢት ላይ ተጽፏል። ሰው ሁሉ ከእሱ ጀምሮ ወደ ራሱ ሃምሳ ስድስት ፊደል ይሻገራል።

አያ ሙሄ መሻገር አቅቷቸዋል። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። በክረምቱ ጭንቅላታቸው ውስጥ ትንሽ ደም ፈሶ አሥር ቀን ተኝተው ተነሥተዋል። እጃቸውም ምላሳቸውም ደህና ነው፤ አዲስ ነገር ግን አይዙም። ትናንት ሁለት ጊዜ ሞከሩ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀይ በራ። ሦስተኛው ሙከራ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ፣ የማዕከሉ መርማሪ ባለበት ይደረጋል። ካልሆነላቸው ቤታቸው ለሌላ ሰው ተሰጥቶ እሳቸው ወደ ማገገሚያ ጣቢያ ይዛወራሉ። ከብሎኩ እስካሁን አራት ሰዎች ሄደዋል። ጣቢያው ንጹሕ ነው፣ ምግቡም ጥሩ ነው ይባላል። የተመለሰ ሰው ስለሌለ ያረጋገጠ የለም።

ዘምዘም እንድሪስ የብሎኩ መስመር ጠባቂ ናት። ከየቤቱ በር የሚመጡት ገመዶች ምድር ቤት ካሉት ስዊቾች፣ ማለትም ቃሉን ከሚቀበሉት የመስመር ማገናኛ ሳጥኖች ጋር ይገናኛሉ፤ እነሱን መጠበቅ የእሷ ሥራ ነው። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ቀስ ብላ ትሠራለች፤ የሠራችው ግን አይፈታም። ድንኳኑ ጋ ስትደርስ የዕድሩ ዳኛ እትዬ ደብሪቱ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።

«ተቀመጪ፣ ሻይ ይቀዳልሽ።»

«መጀመሪያ እሳቸውን ላናግር፣ እትዬ።»

«ምን ልትያቸው?»

«ገና ነው። ልየው።»

«አንቺ ደግሞ! ቤት ቢቃጠልም ‹ልየው› ነው የምትይው።»

«ካላየሁት በምን አጠፋዋለሁ?» አለችና ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች።

በሩ ፊት ቆማ ጉሮሮዋን ከመጥረጓ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ዘምዙ ነሽ። ደረጃ ስትወጪ እንደ ሙሉ ጭነት መኪና ነሽ፤ ዳገት አያስቸኩልሽም።»

«እንዴት አደሩ፣ አያ ሙሄ?»

«አልሐምዱሊላህ። ቁርስ ከሰማይ እየወረደልኝ ምን እሆናለሁ? ዛሬ ቂንጬ ወረደ። ለነገሩ ጨው ያንሰዋል፤ ለላይኛው ፎቅ ንገሪልኝ።»

«ቃሉ የት ላይ ነው የሚጠፋብዎት?»

«ንቁ ዜጋውንማ ዳቦው ላይ አነበዋለሁ። ከዚያ አንድ አሥር ፊደል እሄዳለሁ። ከዚያ ጉም ነው። አርባ ዓመት ከዚህ እስከ ጋላፊ ድንበር ጭነት አመላልሻለሁ፤ መኪና በሰው እጅ ሲነዳ የመጨረሻዎቹ እኛ ነን። መታጠፊያውን አንድ በአንድ ቁጠር ቢሉኝ ዛሬም እቆጥራለሁ። ይሄ ግን የማን መንገድ እንደሆነ አላውቀውም። ከወሰዱኝ መስኮቱ ላይ ያለችውን ጤና አዳም ውሃ አጠጪልኝ።»

«እርስዎ ነዎት የሚያጠጧት» አለችና ወረደች።

ምድር ቤቱ ውስጥ ሦስት ስዊቾች ተደራርበው ተቀምጠዋል። ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሃያ አራት ቀዳዳ፣ የሚርገበገቡ መብራቶች፣ አቧራ። የሚለያቸው ውስጣቸው የተጫነው የሶፍትዌር ስሪት ነው። ስሪቱ ሲለያይ ስለ ቃል ያላቸው አመልም ይለያያል። የማዕከሉ መመሪያ የሚያወራው ስለ አዲሱ ስሪት ብቻ ስለሆነ፣ የአሮጌዎቹን አመል ዘምዘም ለሃያ ዓመት በራሷ ደብተር ላይ ስትጽፍ ኖራለች። ደብተሩ ጠንካራ ሽፋን ያለው የወረቀት ደብተር ነው፤ እሱን ለመክፈት ቃል አያስፈልግም።

ላይኛው ስሪት አሥራ አንድ ነው። ስድሳ አራት ይፈልጋል፤ አንድ ቢጎድል ቀይ፣ አንድ ቢተርፍ ቀይ። ሰው የሚኖርባቸው ሃያ አራቱም ቤቶች እሱ ላይ ናቸው። መካከለኛው ስሪት ሰባት ነው። እስከ ሠላሳ ሁለት ይሰማል፤ ከዚያ ካለፈ ያኮርፋል፣ ቀይም አረንጓዴም አያበራም። ካኮረፈ በኋላ ሩብ ሰዓት ካልተተወ አይታረቅም። ስለዚህ የደረጃው መብራትና የውሃ ፓምፑ ብቻ ተሰጥቶታል። ታችኛው ስሪት ሦስት ነው። ስለ እሱ ደብተሩ ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፦ «ስምንት ይበቃዋል።»

ይህን ያወቀችው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። የምድር ቤቱ በር፣ የዕድሩ ዕቃ ቤትና ሌሎች ሦስት የማይረቡ በሮች ታችኛው ላይ ናቸው። አንድ ጠዋት ለምድር ቤቱ በር የዚያን ዓመት መሪ ቃል ብላ እንደጨረሰች ማስነጠስ ያዛት። ሦስት ጊዜ አነጠሰች። አፍንጫዋን ጠርጋ ቀና ስትል በሩ ተከፍቷል። በማግስቱ ከመሪ ቃሉ አስከትላ የእናቷን ስም ጠራች፤ ተከፈተ። በሦስተኛው ቀን የሰባትን ማባዣ ቆጠረች፤ ተከፈተ። ስዊቹ ስድሳ አራቱንም በጨዋ ደንብ ያዳምጣል፤ ተናጋሪው ዝም እስኪል ይጠብቃል። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ብቻ አይቶ ይወስናል። የተቀረውን ይውጠዋል፤ መዋጡንም ለማንም አይናገርም።

ዘምዘምም አልተናገረችም። ጉድለት ወይ ሪፖርት ይደረጋል ወይ አይነካም ብላ አስባ ነበር። ሪፖርትም አላደረገችው፤ አልነካችውም። ከሄዱት አራት ሰዎች ሁለቱ የሄዱት ከዚያ ወዲህ ነው። ስማቸው የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ።

መመሪያውን አውጥታ አንቀጽ ዘጠኝን ቀስ ብላ አነበበች። «የመስመር ጠባቂ፣ አንድ በር አልሠራ ሲል፣ መስመሩን ወደ ሌላ የሚሠራ ስዊች ማዛወር ይችላል።» የትኛው ስሪት እንደሆነ አይልም። የጻፈው ሰው አሮጌ ስዊች ይኖራል ብሎ አላሰበም። የአያ ሙሄ በር ይሠራል ወይ ብላ ራሷን ጠየቀች። በር ሥራው ሰው ማስገባትና ማስወጣት ነው፤ ይህኛው ከትናንት ጀምሮ አላስወጣም። በመዝገቡ ላይ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፋ፣ ምክንያት በሚለው ቦታ «በሩ ሰው አያስወጣም» ብላ ሞላች። ገመዱን ከላይኛው ነቅላ በታችኛው አሥራ ሰባተኛ ቀዳዳ ላይ ሰካችው። በሁለት ደቂቃ ውስጥ የአያ ሙሄ ስድሳ አራት ፊደል ከማዕከሉ ወረደ። ታችኛው ስዊች ተቀብሎ፣ ስምንቱን አስቀርቶ፣ አረንጓዴ አበራ።

ተመልሳ ወጣች።

«አያ ሙሄ፣ መስመርዎን አዛውሬዋለሁ። አሁን ንቁ ዜጋው ብቻ ይበቃዎታል። ግን አንድ ነገር አለው።»

«ምን አለው?»

«ለእርስዎ የበቃ ለሁሉም ይበቃል። ዳቦ የገዛ ሰው ሁሉ ቤትዎን መክፈት ይችላል።»

ከውስጥ ሬዲዮ ሲዘጋ ተሰማ።

«ሳልነግርዎ ብቀር ደስ አይለኝም» አለች። «ካልፈለጉት አሁኑኑ እመልሰዋለሁ።»

«እኔ ሳድግ» አሉ አያ ሙሄ፣ «በራችን በጠፍር ነበር የሚታሰረው። እሱም ለጅብ ነው፤ ለሰው አልነበረም። ተዪው፣ ይሁን።»

«እንግዲያው ይስሙኝ። ከንቁ ዜጋው በኋላ ዝም እንዳይሉ። መርማሪው ሰዓት ይይዛል፤ ስድሳ አራት ፊደል ደግሞ አርባ ሰከንድ ያህል ነው። የፈለጉትን ይበሉ፤ ብቻ አርባ ሰከንድ ይሙላ።»

«ምን ልበል?»

«የሚያውቁትን።»

መርማሪው አቶ ልዑልሰገድ በሰዓቱ መጣ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ዓይኑ የደከመ። ድንኳኑን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። እትዬ ደብሪቱ ሻይ ይዘው ተነሡ።

«ልጄ፣ አንድ ብርጭቆ።»

«ሥራ ላይ ነኝ፣ እናቴ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ሥራው አይደል እንዴ እንዲህ ያጠወለገህ!»

ሰው ሳቀ፤ እሱም ፈገግ አለ፤ ሻዩን ግን አልነካም። ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ ጎረቤቶቹ ተከትለውት ወጡ። ሰባት እርምጃ ርቀው በሁለት ረድፍ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ማንጎራጎራቸው ኮሪደሩን ሞላው። መርማሪው ጆሮውን በመሸፈኛ ደፈነ፣ እሱም ፊቱን አዞረና በእጁ ያለውን ሰሌዳ ነካ። ሰዓቱ መቁጠር ጀመረ። ዘምዘም እንደሌላው ፊቷን አዞረች፤ ማንጎራጎሩን ግን ተወችው።

ከበሩ ጀርባ አያ ሙሄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ንቁ ዜጋ፣ ዝግ በር። ከኮምቦልቻ ስትወጣ መጀመሪያ ደጋን ነው። ከደጋን ገርባ። ገርባን ካለፍክ ቁልቁለቷ ክፉ ናት፤ ፍሬን ላይ አትተኛ፣ በማርሽ ያዛት። በግራ በኩል ገደል ነው፤ ገደሉን አትይ፣ መንገዱን እይ። ባቲ ስትደርስ ቀኑ ሰኞ ከሆነ ገበያው መንገዱን ይዘጋዋል፤ ጥሩንባ አትንፋ፣ ግመል ይደነግጣል...»

ባቲ ላይ አርባ ሰከንድ ሞላ። ዘምዘም በልቧ «ይብቃ» አለች። አያ ሙሄ ግን ለመጨረሻ ጊዜ መሪ ከጨበጡ አሥራ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ባቲ ደርሶ ደግሞ የሚመለስ የጋላፊ ሹፌር የለም። ድምፃቸው እየጠራ ሄደ። ሙቀቱ መጣ፤ መስኮት ተከፈተ። ሚሌ ላይ ራዲያተር ውሃ ጠጣ። አንድ ደቂቃ አለፈ። መርማሪው ሰሌዳውን አየ፤ በጣቱ መታ መታ አደረገው፤ እንደገና አየው። ሰሌዳው ተበላሽቶ እንደሆነ ለማወቅ ዞር ብሎ አንዱን ጆሮውን ገለጠ።

«...ሎግያን አልፈህ ሰመራ ላይ ጎማህን ዙረህ እይ። ከዚያ ሜዳ ነው። እንቅልፍ የሚጥልህ ገደሉ ጋ አይደለም፣ ሜዳው ላይ ነው። ብቻህን ከሆንክ ዝፈን። ጋላፊ።»

ሞተር የጠፋ ያህል ዝም አሉ።

አረንጓዴ በራ፤ በሩም ተከፈተ። አያ ሙሄ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቆባቸውን ደፍተው ቆመዋል።

«ደረስኩ» አሉ።

እልልታው ከሦስተኛ ፎቅ እስከ ድንኳኑ ወረደ። እትዬ ደብሪቱ አቀፏቸው፤ ሌላው ተከተለ። አቶ ልዑልሰገድ ግን ሰሌዳው ላይ ያለውን ቁጥር ያያል፦ ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ። የጆሮ መሸፈኛውን አንገቱ ላይ አውርዶ ወደ ዘምዘም መጣ።

«ምድር ቤቱን ያሳዩኝ።»

ወረዱ። ሦስቱን ስዊቾች ተራ በተራ አየ፤ ታችኛው ላይ አዲስ የተሰካውን ገመድ በጣቱ ተከትሎ አገኘው። ዘምዘም ሳይጠይቃት ደብተሩን ገልጣ ሰጠችው። ቆሞ አነበበው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያውቁት?»

«ስድስት ዓመት ሆነኝ።»

«ለምን አላሳወቁም?»

«ባሳውቅ ትቀይሩታላችሁ።»

«መቀየርማ አለበት። የዳቦ ከረጢት የያዘ ሁሉ ይገባል እኮ!»

«ይገባል። ልክ ነዎት።»

እንድትከራከረው ጠብቆ ነበር፤ ስላልተከራከረችው ትንሽ ተቸገረ። «ሰውዬው ያውቃሉ?» አለ።

«ነግሬያቸዋለሁ። የሚገባውን ሌባ ከሚወስዳቸው መኪና ጋር አመዛዝነው ነው እሺ ያሉት። ሌባ ምናልባት ይመጣል፣ ምናልባትም አይመጣም። መኪናው ግን ግቢው በር ላይ ቆሟል።»

አቶ ልዑልሰገድ አንድ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ ሰሌዳውን አወጣ። ቅጹን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «ቃሉን የተናገረው ባለቤቱ ራሱ ነው?»

«ራሳቸው ናቸው።»

«አዎ። ከሌላ ሰው በድምፅ ወይም በጽሑፍ እርዳታ አግኝቷል? የለም። በሩ ተከፍቷል?» ወደ ላይ ቀና አለ፤ እልልታው አሁንም ይሰማል። «ተከፍቷል።»

«ሌላ ጥያቄ አለው?»

«የለውም።» ቅጹን ላከው። ባልዲው ላይ ግን እንደተቀመጠ ቆየ። «ስሪት ሦስት ያለበት ብሎክ በአገሩ ስንት ይሆናል ብለው ያስባሉ?»

«እኔ የማውቀው የኔን ምድር ቤት ነው። እርስዎ ብዙ ምድር ቤት ይገባሉ።»

እሱም የሚገባባቸውን ምድር ቤቶች አሰበ። አሥር ቆጥሮ ተወው።

«መሪ ቃሉ መስከረም ላይ ይቀየራል» አለ ሲነሣ።

«ዳቦው ላይም ይቀየራል።»

ሊስቅ ሲል ያዘው። «ቀጣዩ ምርመራ የካቲት ነው» ብሎ ወጣ። ግቢው ውስጥ እትዬ ደብሪቱ ያንኑ ብርጭቆ ይዘው ጠበቁት፤ ቀዝቅዞ ነበር፤ ቆሞ ጠጣው።

ዕድሩ በዚያው እሑድ ተሰበሰበ። ዘምዘም ነገሩን ሳታሳንስም ሳታጋንንም አስረዳች፤ ታችኛው ስዊች ላይ አሥራ ስምንት ባዶ ቀዳዳ አለ፣ የሚፈልግ ይዛወራል፣ የተዛወረ ሰው በር ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ክርክሩ ረዥም ነበር። ወጣቶቹ ሳቁ፤ አንዳንዶቹም ተቆጡ። በመጨረሻ አሥራ አንድ ቤቶች ተዛወሩ፤ አብዛኞቹ የሽማግሌዎችና የሕመምተኞች ናቸው። ደንቡም ላይ አንድ አንቀጽ ተጨመረ። የተዛወረ በር ጋ የመጣ ሰው መሪ ቃሉን ከመናገሩ በፊት «ቤቶች» ብሎ ይጣራል። እምቢ ከተባለ ይመለሳል። ሦስት ጊዜ ጠርቶ መልስ ካጣ ግን የወደቀ ሰው ሊኖር ይችላልና ይግባ።

ልጆቹ እንዲህ ዓይነት አጠራር ሰምተው አያውቁም ነበር። በሳምንት ውስጥ ጨዋታ አደረጉት።

በሁለተኛው ወር ከአንድ ቤት ሬዲዮ ጠፋ። ዕድሩ ማንንም ሳይጠረጥር ስብሰባ ጠራ፤ ሬዲዮው በማግስቱ ደረጃው ላይ ተገኘ፤ ማን እንዳስቀመጠው አልተጠየቀም። የሬዲዮው ባለቤት ግን ወደ ላይኛው ስዊች ልመለስ አለ፤ ዘምዘምም ያለ ወቀሳ መለሰችው። በዚያው ወር እትዬ ደብሪቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ጊዜ ጠርተው መልስ አጥተው ገቡ። አንዲት ሴት ወለል ላይ ወድቃ አገኙ፤ ሐኪም ቤት ደረሰች። አሁን ድናለች።

የካቲት ላይ አቶ ልዑልሰገድ ለምርመራ መጣ። ዘምዘም የደረጃ አምፖል ስትቀይር ወደ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ አየችው። በአያ ሙሄ በር ፊት ቆመ። ስምንቱን ፊደል ያውቃቸዋል፤ ከአፉ ቢያወጣቸው በሩ ይከፈታል፤ የሚከለክለውም ደንብ የለም። ለረዥም ጊዜ ቆመ። ከዚያ የጆሮ መሸፈኛውን ከአንገቱ አውጥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተ።

«ቤቶች!»

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ጠበቀ።

«ደጆች!» የሚል መልስ ከውስጥ መጣ። «ማን ልበል?»

«ልዑልሰገድ ነኝ፣ ከማዕከሉ።»

«አሃ፣ ሰዓት ያዡ! እግሬ ትንሽ ይዞኛል፤ ቃሉን ታውቀው የለ፤ በልና ግባ። ጤና አዳሟን እንዳትጥላት፣ በሩ ሥር ነው ያስቀመጥኳት።»

አቶ ልዑልሰገድ ወደ ኋላው ዞር አለ። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሴቶች ልብስ ይዘው ቆመዋል፤ ዘምዘም መሰላሉ ላይ ናት። ስምንቱን ፊደል በሙሉ ድምፁ ተናገራቸው። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው አልነበረም።